የቨርና ቁጣ መድኃኒት

ቨርና ስካርስታድ በሰሜን ዳኮታ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ ስትነዳ፣ እንባዋን ያየ ሰው አልነበረም። አርባ ስምንት ዓመት በሞላት በጥቅምት ወር ግን አውቶብሱን ባቡር ሐዲድ አጠገብ አቁማ፣ መሪው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ሠላሳ አንድ ልጅ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ይህን ተአምር ማንም አስተማሪ ሠርቶት አያውቅም፤ ትምህርት ቤቱም በምስጋና ፈንታ አስገዳጅ እረፍት ሸለማት።

ከዚያ ወዲያ መካሪው በዛ። ባሏ ኦሪን የመሮጫ ማሽን ገዝቶ ሳሎን ገተረላት። እንቅልፍ ከራቃት ሰነባብቷል፤ ቁጣዋ ከየት እንደሚመጣ ለራሷም ግራ ገብቷታል፤ እሷ ግን ትሩጥ!

የከተማው ሐኪም ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሠዋላት።

«ልጆች ከቤት ሲወጡ እናት ሆድ ይብሳታል» አላት፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«እኔ አልወለድኩም።»

«እሱም ያሳዝናል» ብሎ የድብርት ክኒን አዘዘላት። ሦስት ወር ዋጠችው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

በጥር ወር አርባ ማይል ነድታ ጎረቤት ከተማ ክሊኒክ ሄደች። መድኃኒት የማዘዝ ፈቃድ ያላት ፔትራ የምትባል ሸበቶ ነርስ፣ «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሊቃውንቱ ሁሉ ያልደረሱበት ጥያቄ ይኸው ነበር።

«አንዴ ይቀራል፣ አንዴ ይጎርፋል። ሊመጣ ሲል ሰው መግደል ያምረኛል።»

«ማንን?»

«ባሌን።»

«ስንቷ ትነግረኛለች መሰለሽ!» ፔትራ ሳቀች። ከዚያ ሴት ለማረጥ ስትቃረብ ሆርሞኗ እንደሚዋዥቅ፣ ስሜቷንም ይዞ እንደሚወርድ አስረዳቻት። በቤተሰቧ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት እንዳለ ጠይቃ፣ ዳሌ ላይ የሚለጠፍ የኢስትሮጅን ሆርሞን ፕላስተርና ማታ የሚዋጥ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ሰጠቻት። «ለሁሉም አይሠራም፤ እንሞክረው። የድብርቱንም ክኒን በራስሽ እንዳታቋርጪ።»

ኦሪን ፕላስተሯን አገላብጦ አየ። «ይቺ ብጣሽ ናት አንቺን የምትገራው? ማሽኑስ?»

«ሩጥበት።»

መጀመሪያ እንቅልፏ ተመለሰ። በስድስተኛው ሳምንት የሚከፉ ቀናት ባይጠፉም ቀለሉላት። በረዶው ሲቀልጥ አውቶብሷን ተረከበች።

አንድ እሑድ ኦሪን ደጅ ለዓሣ አጥማጅ ጓደኞቹ፣ «ምን ላድርግ፣ በትዕግሥቴ አዳንኳት» ሲል በመስኮት ሰማችው። ዱሮ ቢሆን መጥበሻ ይበር ነበር። ቨርና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኦሪን ደንግጦ ዞረ፤ ለካ ሳቋን ከሰማ ዓመት ሊሞላው ነው። ጓደኞቹን ረስቶ አብሯት ሳቀ።