አባቴ የተዋሰው ጋን

አያቴ ቁጭ ማለት አትወድም ነበር። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ ውስጥ የማያሰክረውን ቀሪቦ የማይሠራ ቤት አልነበረም፤ ገብሱን ቆልቶ፣ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ስኳርና እርሾ ጨምሮ ማሳደር ማንም ያውቀዋል። እንደ አያቴ ነገሬ ብሎ የያዘው ግን አላየሁም። ቅርንፉድ የጨመረችበት እሷ ናት። የብርቱካን ልጣጭም ሞክራለች፤ ያኔ ቀምሰን ፊታችንን ስናጨማድድ ለሁለት ቀን ተቀየመችን። ማንበብ ስለማትችል በጣም የሚጣፍጠውን ጠርሙስ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስርለታለች፣ ለስለስ ያለውን ደግሞ ነጭ። ሰርግ ስትታዘዝ ብርጭቆውንም፣ አንድ ዓይነት ሻሽ ያሰሩ ቀጂ ሴቶችንም ይዛ ትሄዳለች። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። ክርስቲያኑም ይጠራት ነበር፤ ኑሯችን የቆመው ግን አስካሪ ነገር ደጃቸው በማይደርስ በእኛው ሙስሊሞች ሰርግ ላይ ነው። እነሱ እሷ የቀዳችውን ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡ ነበር።

አባቴ አንድ ልጇ ነው። መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሥራ ሲባል ግን ወገቡን የሚያመው ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ሱቃቸው ሊቀጥሩት ቃል ገብተውለታል። ሐጂው ልጃቸውን ሲድሩ ቀሪቦውን ለአያቴ አዘዙ። እሷም ሰርጉን እንደ ልጇ እንጀራ ቆጥራ ያዘችው።

በዋዜማው ጠዋት ከሦስቱ ጋኖቿ አንዱ ተሰነጠቀ። አባቴን አዲስ ግዛ ብላ ላከችው። እሱ መጀመሪያ ጸጉሩን ሊስተካከል ሄደ፤ ሐጂው ፊት አምሮ መታየት አለበታ! ከሰዓት በኋላ ጋን ተሸክሞ መጣ። አዲስ አልነበረም።

«የማን ነው?» አለችው።

«የጓደኛዬ እናት የውሃ ጋን ነው። ገበያው ተበትኖ አጣሁ።»

«ሌላ ነገር አልገባበትም?»

«ከውሃ በቀር ምንም። ወላሂ!»

ወላሂ ካለ አለቀ። በግራዋ ቅጠል አጠበችው፣ በወይራ አጠነችው፣ ሞላችው። በቤቷ ጠላ ገብቶ ስለማያውቅ፣ ጠላ የኖረበት ሸክላ ጌሾውን በአንድ እጥበት እንደማይለቅ ከየት ትወቀው?

በማግስቱ ዳሱ ውስጥ ያ ጋን ሲከፈት አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን አፋቸው ጋ አድርሰው መለሱት። «ይሄ ነገር ጌሾ ጌሾ ይለኛል» አሉ። ጨዋታው ቆመ። የጠጡት ሊተፉ ተሯሯጡ። ሐጂው ፊታቸው ጠቁሮ አባቴን ጠሩት።

«አንተ፣ ይህ ጋን ከየት ነው የመጣው?»

አባቴ አዲስ የተስተካከለውን ጸጉሩን በእጁ ደባበሰ። «እኔ ምን አውቃለሁ ሐጂ? ጋኑን የምታዘጋጀው እሷ ናት» አለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ከአያቴ ጎን ቆሜያለሁ። ጋኑን ተሸክሞ ሲገባ አይቻለሁ፣ ወላሂ ሲልም ሰምቻለሁ። አንተ አይደለህ እንዴ ያመጣኸው ልል አፌን ስከፍት አያቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ጋኑ የኔ ነው» አለች ለሐጂው። «ይቅር ይበሉኝ።»

በሚቀጥለው ቀን ከእኛ ዝቅ ብሎ ጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን ጋኗን ልትወስድ መጣች። «እትዬ፣ ልጅዎ ለአንድ ቀን ብሎኝ ነበር» አለች። የሆነውን ስትሰማ ደንግጣ ጭንቅላቷን ያዘች። «ለቀሪቦ ነው መች አለኝ! ይነሱ፣ አሁኑኑ ሐጂው ዘንድ አብሬዎት ሄጄ እመሰክራለሁ።»

አያቴ አልተነሳችም። «ተዪው፣ ልጄ ሥራውን ያጣል» አለቻት። ጋኑን መለሰችላትና ወደ እኔ ዞረች። «ይህ ነገር ካንቺ አፍ ቢወጣ፣ ሞቼም ቢሆን አልወድሽም።» ቃል አስገባችኝ።

አባቴ ሱቅ ገባ፤ እዚያው መርካቶ ቤት ተከራይቶ ወጣ። አያቴን ግን ቀሪቦ የሚያዝዛት ጠፋ። ሰላምታ አላጎደሉባትም፣ ክፉ አልተናገሯትም፤ ብቻ ሰርጋቸውን ሌላ ሴት ጋ ወሰዱ። የዚያች ሴት ጠርሙሶች ቀይ ክር ታስሮባቸው ሲዞሩ ያየሁ ቀን አለቀስኩ። አያቴ አላለቀሰችም። ጋኖቿን ጓሮ ደፋቻቸው።

አባቴ በየሳምንቱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል። «አሁንማ አረፍ በይ፣ ምን ያለፋሻል?» ሲላት ደሜ ይፈላ ነበር። እሷ ምሳውን ታቀርብለትና ሁላችንንም ከቤት ታስወጣናለች። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሰው ሳይሰማበት ጥፋቱን አምኖ እንዲነግራት ነበር የምትጠብቀው። እሱ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አስወጣችን።

የሞተች ዕለት ግቢያችን ሞላ። ሐጂውም መጡ። እንደ ልማዳችን ጀናዛው ከመውጣቱ በፊት ልጅ ቆሞ ሰውን አውፍ ያስብላል፤ ሟች የበደለችው ካለ ይቅር እንዲላት ይለምናል። አባቴ ቆመ።

«እናቴ ሠርታ ያሳደገችኝ ሴት ናት» አለ። «አንድ ቀን ተሳስታለች፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚያ ጋን አውፍ በሏት።»

ሴቶቹ መሃል ነበርኩ። የገባሁትን ቃል አስታወስኩ። ያን ጊዜ የተቀየምኩት አባቴን ብቻ አይደለም፣ እሷንም ነው፤ እውነቱን እኔ ላይ ቆልፋ ሄደች። ጠላ ሻጯ ከበሩ አጠገብ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ሐጂው ቀድመው «አውፍ ብያለሁ» አሉ። ግቢው ተከተላቸው። አባቴ ተንሰቀሰቀ፣ ሰዎችም ትከሻውን ይዘው አጽናኑት። አያቴ ባላጠፋችው ጥፋት ይቅር ተብላ ተቀበረች።