አርሊን ወጥ ቤት ሳለች

አርሊን ፔልኪን አንድ ተራ የበረዶ ቀን ምን ያስወጣታል ብትሉኝ እንዲህ ብዬ እቆጥርላችኋለሁ። ለምድጃዋ ጠዋት ሁለት እቅፍ እንጨት፣ ማታ ሁለት እቅፍ። ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ደርሳ ለመመለስ አራት ዶላር የሚሆን ቤንዚን። ለጉልበቷ አንድ ክኒን፣ ደረጃው በረዶ ከያዘ ሁለት። ለልጅ ልጇ ለኦዲ አንድ ሙዝ፤ እሱ የሚበላው ግማሹን ነው፣ ሌላውን እሷ ቆማ ትጨርሰዋለች። ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ የሚለው ነገር ነው። ልጇ ኮሪን፣ የኦዲ እናት፣ የክፍለ ግዛታችን ብሔራዊ ዘብ ወታደር ናት፣ የመኪና መካኒክ። በግንቦት ባሕር ማዶ ለመሄድ ተዘጋጂ ተብላለች። የት እንደምትሄድ ነግረዋታል፤ ለምን እንደምትሄድ የነገራት ግን የለም።

እኔ የምኖረው ከአርሊን ቤት ቁልቁል ባለው ቤት ነው። የምሠራውም ከእሷ ጋር፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ምሳ በሚበስልበት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የኔን ልጅና ኦዲን በየተራ እንይዛለን። ስለዚህ የምጽፈው ከሩቅ የሰማሁትን አይደለም።

አርሊን ሳሎኗ ውስጥ ጀርባው የወፈረ የድሮ ቴሌቪዥን አላት። አጥፍታው፣ የጠረጴዛ ልብስ አልብሳ የአበባ ማሰሮ ካስቀመጠችበት ብዙ ዘመን ሆነ። ያለፈው ትልቁ ጦርነት ሲጀመር እንደ ሁላችንም እዚያ ፊት ተቀምጣ ነበር። ከረባት ያሰሩ ሰዎች ካርታ ላይ ጣታቸውን እየቀሰሩ ቶሎ ያልቃል፣ ይህን ያህልም ሰው አይጎዳም ሲሉ አመነቻቸው። እንዳሉት አልሆነም። አርሊንን ያናደዳት መሳሳታቸው እንኳ አይደለም፣ ማን የማይሳሳት አለ። የተሳሳቱት ሰዎች ከዚያ ሳጥን ውስጥ አለመውጣታቸው ነው። ዛሬም እነሱው ናቸው የሚናገሩት፣ ፀጉራቸው ብቻ ነው የሸበተው ትላለች። አንዴ ለአንዱ ፓርቲ፣ አንዴ ለሌላው ድምፅ ሰጥታለች። ሁለቱም ለመመረጥ ሲሉ ሰላም ይላሉ፣ ከተመረጡ በኋላ የሰውን ልጅ ወደ ጦርነት ይልካሉ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሮላንድ ቲቦ ግን ቴሌቪዥኑን ጎህ ሳይቀድ ነው የሚከፍተው። ላም አላቢ ነው፤ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርገው በጋጣው በኩል ሲያልፉ ዜናው ይሰማል። የሮላንድ ልጅ ዳሪል በዚያ ጦርነት ሞቷል። ስሙ ከመንደሩ አዳራሽ ደጃፍ በቆመው ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። አርሊን ስለ ሮላንድ ቴሌቪዥን ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ልጄ የሞተው ለከንቱ ነው ብሎ ማሰብን የትኛው አባት ይችለዋል?

አርሊን ባሏ ከሞተ ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር የመኪና መግቢያዋን የሚጠርግላት ሮላንድ ነው። ጠርጎ ሲጨርስ ይገባል፣ ቦት ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ አንድ ኩባያ ቡና ይዞ ስለ ወተት ዋጋ ያማርራል። ይህ እንደ ጸሎት የተለመደ ነገር ነበር። ባለፈው ጥር ግን ቆመ።

በጥር አርሊን ወረቀት ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። በመንደራችን ሕግ በቂ ሰው ከፈረመ ማንም ነዋሪ በዓመታዊው ጉባኤ አጀንዳ ማስያዝ ይችላል። የእሷ አጀንዳ አጭር ነበር፦ የአገሪቱ ምክር ቤት በድምፁ ጦርነት ሳያውጅ የክፍለ ግዛታችን ልጆች ወደ ጦርነት እንዳይላኩ መንደራችን ይጠይቅ። እኔ ልጄን እንዳቀፍኩ ፈረምኩ። ብዙ ሰው ፈረመ። ሮላንድ ቤት ስትደርስ ግን ቆሞ አነበበው፣ አጥፎ መለሰላትና «ዳሪልን አታንሺብኝ» አላት። ወረቀቱ ላይ ስለ ዳሪል የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በረዶውን ይጠርጋል፣ ግን አይገባም። አንድ ጠዋት ቡናውን በረንዳው ላይ አስቀመጠችለት። ከሥራ ስትመለስ ቡናው በኩባያው ውስጥ እንዳለ ጠጥሮ አገኘችው።

የመንደራችን የኢስት ሃርሎ ጉባኤ በመጋቢት የመጀመሪያ ማክሰኞ ይቀመጣል። ሰብሳቢው የከብት ሐኪሙ ኤልዊን ባርስቶው ነው። አጀንዳውን ያነባል፤ አንድ ሰው ተነስቶ «አቀርባለሁ» ማለት አለበት፣ ሌላው «እደግፋለሁ» ይላል። ሁለቱ ካልተገኙ አጀንዳው ይዘለላል፣ የሚነሳውም ለከርሞ ነው። እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ይቋረጣል። ምሳው ሌሊቱን ሙሉ በሜፕል ሽሮፕ፣ ከዛፍ በሚቀዳ ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ሲንተከተክ ያደረ ቦሎቄ ሲሆን የምታበስለውም አርሊን ናት።

ዘንድሮ አንቺ አጀንዳሽን አቅርቢ፣ ሌላ ሰው ያብስል ብንላት እሺ አላለችም። ስሌቷን ይዛለች። የእሷ አጀንዳ አሥራ አራተኛ ነው፤ ዘጠነኛው የግሬደሩ ጉዳይ ነው። መንገዱን የሚያስተካክለው አሮጌው ግሬደር ይቀየር አይቀየር እያሉ መጣላት በመንደራችን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ልማድ ነው። ጠቡ ጠዋት ይጀመርና የሚያበርደው ረሃብ ብቻ ነው። እንግዲህ የአርሊን ጥያቄ ከምሳ በፊት አይደርስም ማለት ነው።

የረሳነው ነገር ቢኖር ግሬደሩ በጥር መጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ፣ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ ጢሱን ተፍቶ መሞቱን ነበር። ለሞተ ነገር ማን ይከራከራል? ኤልዊን ዘጠነኛውን ሲያነብ ሁሉም ዝም ብሎ እጁን አወጣ። ኤልዊን ራሱ ግራ ገብቶት መነጽሩን ጠረገ፣ ከዚያም ወደ ፊት ጋለበ።

እኔና አርሊን ወጥ ቤት ነን። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች፣ እኔ ዳቦ እቆርጣለሁ። ከአዳራሹ የሚለየን ምግብ የሚተላለፍበት መስኮት ነው፤ ግማሹ ተዘግቷል። ድንገት ኤልዊን «አጀንዳ ቁጥር አሥራ አራት» ሲል ሰማሁ። አርሊን የጋለውን ድስት ከምድጃው አንስታ በሁለት እጇ ይዛለች፣ ማስቀመጫ ቦታ የለም። እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን።

ከአዳራሹ ማንም አልተነሳም። ከፈረሙት መካከል ግማሹ እዚያው ተቀምጧል፤ ግን ፊት ወንበር ላይ ሮላንድ አለ፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ የዳሪል ስም ያለበት ድንጋይ። በሮላንድ ፊት ቆሞ «አቀርባለሁ» የሚል ሰው ጠፋ። ኋላ ጥግ ከከተማ የመጣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራውን ደግኗል፤ ስለ አጀንዳው ሰምቶ ነው የመጣው። ኤልዊን አንዴ ጠየቀ። ደግሞ ጠየቀ። አጀንዳውን ሊዘለው መዶሻውን አነሳ።

ያን ጊዜ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማን። የተነሳው ሮላንድ ነበር።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ አጀንዳውን አቀርባለሁ። እቃወመዋለሁ፤ ግን አቀርባለሁ። ሴትዮዋ ምሳችንን እያበሰለች ነው። እሷ እያበሰለችልን ጥያቄዋን ብንቀብረው፣ ቦሎቄው በየት በኩል ይወርድልናል?»

ሳቅ ተነሳ። ከሳቁ ውስጥ አንዲት ሴት «እደግፋለሁ» አለች። አርሊን ድስቱን እኔ እጅ ላይ ጣለችው ማለት ይቻላል፤ ሽርጧን እንዳሸረጠች ወጣች። ዓይኗ ከሽንኩርቱ የተነሳ ቀልቷል።

ብዙ አልተናገረችም። ኮሪን መሐላ ገብታለች፣ አፍርሺው አልላትም አለች። «እሷ ቃሏን ስታከብር የሚልኳትም የራሳቸውን ያክብሩ። ጦርነት በምክር ቤት ድምፅ ይታወጅ ይላል ሕጉ። እኛ እዚህ ለግሬደር እንኳ እጅ እናወጣለን።»

ሮላንድ እንደገና ተነሳ። በጉባኤያችን ሰው ለሰው አይነጋገርም፣ ሁሉም የሚናገረው ለሰብሳቢው ነው። ምናልባት ያ ይሆናል የረዳው፤ አርሊንን ሳያይ፣ ዓይኑን ኤልዊን ላይ ተክሎ ተናገረ። አትላኩ የሚል ወረቀት አልፈርምም፣ ዳሪል በፈቃዱ ነው የሄደው አለ። ከዚያ ቀጠለ።

«ከመሄዱ በፊት እኔ ቤት መጥቶ ለምን እንደሚሄድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በኋላ ግን ሞቱን ሊያረዱኝ ሁለት ሰዎች መጡ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ። ጨዋዎች ነበሩ። እኔ የምለው፣ ከመላካቸው በፊትም ይምጡ። እዚህ አዳራሽ ቆመው ፊት ለፊት ይንገሩን። ይህ ይጨመርበትና እኔም እጄን አወጣለሁ።»

አርሊን ይጨመር አለች። ኤልዊን ድምፅ ጠየቀ። «አዎ» የሚለው ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ «የለም» ያሉትም ነበሩ፣ ጥቂት። ከዚያ ሁላችንም ቦሎቄ በላን፤ የለም ያሉትም ደግመው ጨለፉ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አርሊን ቤት ሆኜ ልጆቹን እራት እያበላሁ በሩ ተንኳኳ። ሮላንድ ነው። ቦት ጫማውን አወለቀ፤ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። አርሊን ቡና ቀዳችለት። እሱ ግን ኩባያውን ይዞ ቆመ።

«በዜና አሳዩን» አለ። «እኔን እቃወመዋለሁ ስል፣ አንቺን ስታለቅሺ። ጦርነት ለሁለት የከፈለው መንደር ነው የሚሉን።»

«ሽንኩርት ነበር» አለች አርሊን።

«አውቃለሁ ሽንኩርት መሆኑን! እዚያው አልነበርኩም? አቀርባለሁ ያልኩትን ቆርጠውታል። የጨመርኩትንም ቆርጠውታል።» ተቀመጠ። ኦዲ መጥቶ ጉልበቱ ላይ ሙዝ አስቀመጠለት። ሮላንድ ሙዙን ሲያይ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «እኔ የነበርኩበትን እንዲህ ካደረጉት፣ ያልነበርኩበትን ምን አድርገውት ይሆን?»

አርሊን «ነግሬህ አልነበረም?» አላለችውም። ሌላ ሰው ቢሆን ይል ነበር፣ እኔም ብሆን። እሷ ግን ከጎኑ ተቀምጣ ስለ ዳሪል ጠየቀችው። ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ልጅነቱ፣ ትምህርት ቤት ሳለ ከወጥ ቤቷ ኩኪስ ይሰርቅ እንደነበር። ሮላንድ ሳቀ፣ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። እኔ ልጆቹን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የመንደሩ ውሳኔ በአገሪቱ ምክር ቤት ላለው እንደራሴያችን ተላከ። ይመጣል ያለ ሰው አልነበረም። በሚያዝያ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዳችን ጭቃ ብቻ በሆነበት ሰሞን፣ መጣ። መኪናው ከአዳራሹ ትንሽ መለስ ብሎ ጭቃ ዋጠው፤ ሮላንድ በትራክተር ጎተተው። ሲጎትተውም ግሬደር እንደሌለን አስረዳው።

አዳራሹ ውስጥ ፊታችን ሲቆም አርሊን የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ልጄ የምትሄደው ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ።» ሰውዬው እንደለመደው ጀመረ፣ ስለ ጥቅማችን፣ ስለ አካባቢው መረጋጋት። አርሊን እጇን አነሳች። «እሱን በቴሌቪዥን ሰምተነዋል» አለች። «ለእኔ ይንገሩኝ።»

ሰውዬው የጀመረውን ንግግር ተወው። ከዚያ «አላውቅም» አለ። «ድምፅ አልሰጠንበትም። ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።»

አንዳንዱ አጉረመረመ። አርሊን ግን ቦሎቄ ጨልፋ ሰጠችው። በኋላ ስጠይቃት፣ በዕድሜዬ አንዱ ከእነሱ መሃል አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ ከአላውቅም ቢጀምሩ ሌላውን ቀስ ብለን እናስተምራቸዋለን አለችኝ። ቃሉንም ጠብቆ ጥያቄውን ምክር ቤት ውስጥ አንስቷል። ገና አልተወሰነም፤ ግን የጎረቤት መንደሮች ይህንኑ አጀንዳ ለከርሞ ለማስያዝ ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። የኮሪን ጉዞ ወደ መኸር ተገፍቷል። በእኛ ምክንያት ነው አልልም፣ አላውቅምና። አርሊን ግን ስልክ ሲጮኽ እንደ በፊቱ አትደነግጥም፤ ሮላንድ ሊሆን ይችላላ። ቴሌቪዥኑን ማታ ማታ ያጠፋና ደውሎ ምን እንደሰማ ይነግራታል፣ እውነት ይመስልሻል ወይ ይላታል። አንዳንዴ እሱ ይረታል፣ አንዳንዴ እሷ።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት የሚያነቡት የት ያሉ ሰዎች ናቸው አለችኝ። ሩቅ አገር ያሉ አልኳት። ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም ትንሽ አሰበችና እንግዲያው ይህን ጻፊልኝ አለች።

«ስለ ጎረቤታችሁ ክፉ ነገር በሳጥኑም ሆነ በስልካችሁ ስትሰሙ፣ ከማመናችሁ በፊት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩና ራሱን ጠይቁት። ስትሄዱ ደግሞ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ፣ አደራ።»