የኪሮስ ጽዋ ተረካቢ

ማንጠግቦሽ ቁጡ ነበረች። ሮብ ገበያ ላይ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ዶሮ ስታባርር እንኳ ሰው የገደሉባት ትመስል ነበር። ባሏ እንዳላማው በሕይወት ሳለ፣ «እኔስ ከነብር ጋር ነው የተጋባሁት» እያለ ይስቅባት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚስቅባት ጠፋና ቁጣዋ ብቻ ቀረ።

እንዳላማውን የቀበሩት፣ የዚያን ዓመት ገብሷን ያጨዱላት፣ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን የከደኑላት የአቡነ ኪሮስ ማኅበርተኞች ናቸው። እዚያ አገር ኪሮስ እንደ ማርያምና እንደ ሚካኤል ሕዝብ ወጥቶ አያነግሠውም። ወር በገባ በስምንት ጥቂት ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ ጠላ ጠጥተው ያስቡታል። የደገሰው ሰው ማምሻውን የሸክላውን ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። ተረካቢ ከጠፋ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው።

ጽዋው እሷ ቤት ሳለ ጣሊያን ምሽግ መሥራት ጀመረ፤ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ለድንጋይ ሸክም ይውጣ ተባለ። አስተርጓሚው ገበያ መካከል ቆሞ፣ «ከማርያም፣ ከሚካኤልና ከጊዮርጊስ በቀር በዓል ነው ብሎ የሚቀር ይገረፋል፤ ለትንንሾቹ ጊዜ የለንም» ሲል ለፈፈ። ትንንሾቹ! ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች።

በኪሮስ ዋዜማ ባምላኩ መጣ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ እሱ ነው። ቤት መግባቱን እንኳ ፈርቶ ደጅ ቆመ።

«ማንጠግቦሽ፣ ይህ ክፉ ቀን እስኪያልፍ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንመልሰው።»

«ጠላዬን ጠምቄ?»

«ምን ይደረግ፣ ኪሮስ ያውቅልናል።»

«ኪሮስንማ ፈረንጁ ትንሽ ነው ሲለው እርስዎም አመኑ! ባሌን የቀበራችሁት በማን ስም ነበር? ይሂዱልኝ፤ ዓይንዎን አልይ!»

በነጋታው ለድንጋይ ሸክሙ ሳትወጣ፣ ቤቷን ጠርጋ ቄጠማ ጎዝጉዛ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ዳቦው ቀዘቀዘ። መጀመሪያ አዘነች፤ ኋላ ግን ደሟ ፈላ። ዳቦውን በነጠላ ቋጥራ፣ ጠላውን በቅል አዝላ፣ ጽዋውን ይዛ ወደ ምሽጉ ወጣች።

ማኅበርተኛው ሁሉ ድንጋይ ይሸከማል። አለንጋ ይዞ የሚጠብቃቸው የአገር ልጅ ነው፤ ለጣሊያን ያደረው ታረቀ። ከየቤቱ አንድ ሰው ሲባል ይህ ሰው ከቤቱ ያወጣው እናቱን፣ አሮጊቷን ጥላነሽን ነበር። እሷም ማኅበርተኛ ናት።

«አለበል! ሥራነሽ! ባምላኩ!» ብላ ጮኸች ማንጠግቦሽ። «የቤቴን በር ማን ዘጋባችሁ? የበላችሁትን ዳቦ ረሳችሁት?»

ታረቀ ሮጦ ደርሶ ቅሉን በአለንጋው እጀታ መታው። ቅሉ ተሰበረ፤ ጠላው በጀርባዋ ወርዶ መሬት ጠጣው። ባምላኩ አንገቱን ደፋ። ማንጠግቦሽ ወደ ታረቀ ዞራም አላየችው። ጽዋውን ከፍ አድርጋ፣ «የሚረከብ አለ ወይስ የለም?» አለች።

ጥላነሽ ድንጋይዋን አወረደች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ለወሩ በሰላም ያድርሰን» አለች።

«እማ፣ መልሺላት!» አለ ታረቀ።

«አልመልስም። ለጌቶችህ ንገራቸው፤ የሚመጣው ስምንት ቤትህ ነው። እናትህን አስገርፍና ይለይልህ።»

ታረቀ አለንጋውን እንዳነሣ ቀረ። ማንጠግቦሽ ዳቦውን እዚያው ቆርሳ ለሁሉም አደለች። ለባምላኩም ሰጠችው፤ ፊቱን ግን አላየችም።

ወሩ ደርሶ በስምንተኛው ቀን ማታ ማንጠግቦሽ ታረቀ ቤት ስትገባ ማኅበርተኛው ሁሉ ተቀምጧል፤ ባምላኩም ጥግ ይዟል። ጥላነሽ መደቡ ላይ ሆና ታዛለች፤ ልጇ ማድጋ ይዞ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ይቀዳል። ማንጠግቦሽ ጋ ሲደርስ ዋንጫዋን ዘረጋችለት። ግማሽ ቀድቶ ሊያልፍ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«ሙላው» አለችው። «የደፋኸውም አለብህ።»