ምሳ የሚያሞቀው ጠረጴዛ

ደርግ ከወደቀ በጥቂት ዓመቱ አቃቂ ባለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የተሠራ ብረት መለካት ነበር። ሥራው ሰው ፊት አያስወድድም። «ጎደለ» ባልኩ ቁጥር ወርክሾፑ ያኮርፈኛል፤ ማኩረፍ እኔም አያቅተኝም።

ግራይንደሩ ላይ የሚሠሩት አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ግራይንደር ብረትን እየፋቀ እኩል የሚያደርግ ማሽን ነው። ብረቱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ቁልፉ ሲበራ በኤሌክትሪክ ማግኔት ይሆንና ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሲቆይም ይግላል። አባባ ይህን ሙቀት በከንቱ ማስቀረት ነውር መስሎ ስለታያቸው፣ ስድስት ሰዓት ላይ የሁላችንን የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ደርድረው ማግኔቱን እንደበራ ይተዉታል። የአለቃችን ምሳ ዕቃ መሀል ላይ ነው፤ ከሁሉ የሚግለው እሱ ጋ ነው። ማግኔቱ ሳይጠፋ ምሳ ዕቃ ስለማይነሳ የሰው ወጥ የሚቀምስም አልነበረም።

የአባባ ሥራ ግን ጠዋትና ከሰዓት አንድ አልሆን አለ። ጠዋት የፋቁት ልክ ነው፤ ከሰዓት የፋቁት መሀሉ ስስ ነው። አለቃችን ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም፤ ሽማግሌው ምሳ ሰዓት ጠላ ቤት ጎራ ይላሉ አለ። አባባ መጠጥ ከተዉ ቆይተዋል። ቢሆንም ትንፋሻቸውን ለማሽተት ከሰዓት ሲገቡ ጠጋ ብሎ ሰላም ይላቸዋል። አባባ የወደዳቸው መስሏቸው አገላብጠው ይስሙት ነበር።

ሁዳዴ ገባ። ምሳ ቀረ፤ የከሰዓቱም ሥራ ልክ ሆነ። አለቃችን ለጾሙ ብለው ጠላውን ትተው ነው አለ። ፋሲካ አለፈ፤ ምሳ ዕቃው ተመለሰ፣ ብረቱም መሀሉ ሳሳ። አባባ ከሰኞ ጀምሮ በር ጥበቃ እንዲቆሙ ተወሰነ። እሳቸውም ማሽኑን ከወትሮው ረዘም አድርገው ይወለውሉ ጀመር። አንጀቴን በሉኝ።

ዓርብ ምሳ እንደተነሳ፣ ተናድጄ ቆሜ ጠረጴዛውን ደገፍ ብል ለበለበኝ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ብረት ሲግል ያብጣል። መሀሉ ያበጠ ጠረጴዛ ላይ የተፋቀ ብረት ደግሞ መሀሉ አለልክ ይፋቃል። አለቃችንን ጠርቼ ጠረጴዛውን አሳየሁት። እሱ ግን ከእኔ ይልቅ ወደ አባባ ዞሮ ማግኔቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቃቸው።

«እርስዎ ምሳዎን እስኪያነሱ ነው» አሉት፣ በትሕትና።

አለቃችን ጠረጴዛው መሀል ላይ እጁን አሳርፎ ቶሎ አነሳው።

አባባ ጥበቃ መሄዳቸው ቀረ። ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው ግን አላየሁም። ማግኔቱ ምሳ ሰዓት ላይ እንዲጠፋ ታዘዘ፤ እኛም አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቀዘቀዘ ሽሮ በጎረስን ቁጥር የምናማው እሳቸውን ነበር።