በአረብ ቤት ታሪክ ውስጥ የእኔ እጅ

ባለፈው ግንቦት ሐያት ወደ ሱቋ ጠራችኝ። ሸዋ ሮቢት በግንቦት ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል፤ ከአስፋልቱ የሚነሣው ሙቀት ጫማ ዘልቆ ይገባል፣ ሰውም ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ ነው የሚሄደው። ሱቁ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ተዘርፎ መደርደሪያው ሳይቀር ተወስዶ ነበር። እሷና ልጇ አንዋር ቀስ በቀስ መልሰው አቁመውት፣ አሁን ፍሪጅ ያለው፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ሚኒማርኬት ሆኗል። የከተማው ሰው ግን ዛሬም «አረብ ቤት» ነው የሚለው።

ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥታኝ ጉዳይዋን ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ አያቴ ከመጡ ጀምሮ ያለውን የሱቁን ታሪክ አሳጥረው ይጻፉልን። አንዋር በመስታወት አድርጎ እዚህ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። ከእርስዎ ሌላ ያን ዘመን የሚያውቅ አልቀረም። ደግሞ የአባቴ ጓደኛ ነዎት።»

እሺ አልኳት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ሦስት ገጽ መጻፍ አያቅተውም። ቤት ገብቼ ወረቀት ዘረጋሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ያለ ችግር ሄደልኝ።

አያቷ ሙቅቢል ከየመን የመጡት በሃያ ዓመታቸው ነው። በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው አሰብ ወረዱ፤ ከዚያ ጨው ከሚጭኑ የአፋር ግመለኞች ጋር በረሃውን አቋርጠው ይፋት ቆላ ደረሱ። መጀመሪያ በየገበያው መርፌ፣ ክር፣ ኩልና ሽቶ እያዞሩ ሸጡ። ኋላ የአርጎባ ተወላጇን እትዬ ዘሀራን አግብተው፣ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ በር የጭቃ ቤት ውስጥ ሱቅ ከፈቱ። ቴምር፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ፋኖስ፣ አቡጀዲ ይሸጡ ነበር። ልጅ ዘግይቶ ነው የመጣላቸው፤ እሱም አንድ ብቻ፣ የሐያት አባት ሳሊህ። ሳሊህና እኔ እኩያ ነን። አንድ ክፍል ተማርን፣ ሮቢ ወንዝ አብረን ዋኘን።

ጋሽ ሙቅቢል አማርኛን ከገበያ ስለተማሩት ወንድና ሴት አይለዩበትም ነበር። እኔን ሁልጊዜ «አንቺ» ነበር የሚሉኝ። «አንቺ፣ ነይ፣ ቴምር ብዪ» ይሉኛል፤ ሳሊህ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ እሳቸውም ለምን እንደሳቅን ሳያውቁ ይስቃሉ። አረብኛ አጥርተው ያነባሉ። የአማርኛ ፊደል ግን አንድም አያውቁም ነበር።

እስከዚህ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ቀጥሎ የምመጣው እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስኳርና ጨው ከገበያ የጠፋበት፣ ነጋዴ ሁሉ በክፉ ዓይን የሚታይበት ወቅት። እኔ የወጣቶች ማኅበር አባል ነበርኩ። እጅ ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር መፈክር የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በቀይ ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም የጻፍኩት ከመንገዱ በላይ ተወጥሮ ሳይ ልቤ ያብጥ ነበር። እናቴ የመኪና መንገደኛ የሚመገብባት አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነበረቻት። ደሆች ነበርን። ሰው «ጓድ» ሲለኝ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሰብሳቢያችን ሸቀጥ ስለሚደብቁ ነጋዴዎች ሲናገር ቆይቶ ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ከአረቡ ቤት አትጠፋም» አለኝ። «እዚያ በልተህ እዚህ ትፈክራለህ። ከማን ጋር ነህ?»

ሁሉም አየኝ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ የጠየቀኝ ስለ ስኳር አልነበረም። ግን ተነሥቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጓዳቸው ውስጥ ስኳር አለ። ከሽንኩርቱ ጆንያ ኋላ ነው» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ብዙ ዓመት ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። መፍራቱንስ ፈርቼ ነበር፤ ግን ጭብጨባው ደስ ብሎኛል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስኳሩ ለምን እንደተቀመጠ አውቅ ነበር። ጋሽ ሙቅቢል በየዓመቱ ለረመዳን ያስቀምጡታል። ከቀወት ቆላ ማሽላቸውን በአህያ ጭነው የሚመጡት ገበሬዎች የሚያፈጥሩበት እንዳያጡ፣ በወትሮው ዋጋ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ያከፋፍሏቸዋል። ጆንያዎቹን ጓዳ ያስገባነውም ሳሊህና እኔ ነን። በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜያቸዋለሁ።

በማግስቱ ቤቱ ተፈተሸ፣ ስኳሩ ወጣ፣ ሱቁ ታሸገ። ጋሽ ሙቅቢል በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ሁለት ቀን ታስረው ቆዩና፣ በገበያ ቀን በሕዝብ መሐል እንዲዞሩ ተወሰነ። አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለውን ካርቶን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑ የሳሙና ነበር። ገልብጬ በእርሳስ አሰመርኩበት፤ ፊደሎቹ እኩል እንዲሆኑ ተጠነቀቅኩ። «እኔ የሕዝብ ደም መጣጭ አረብ ነኝ» የሚል ነው። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁት። አምሮ ነበር።

ጠዋት ያጠለቅኩላቸውም እኔው ነኝ። ከመጋዘኑ ሲወጡ ፀሐዩ ዓይናቸውን ወጋቸው። ሽርጣቸው ተጨማዶ፣ ጢማቸው ላይ አቧራ ተኝቶበት ነበር። እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። «ሳሊህ ደህና ናት?»

«ደህና ነው።»

ካርቶኑን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «ያንቺ ጽሕፈት ነው? ቆንጆ ነው። ምን ይላል?»

ሰብሳቢው ከኋላዬ ቆሟል። «ስምዎ ነው» አልኳቸው። «ስምዎና የሱቅዎ ስም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ካርቶኑ ወደ ጎን ተጣሞ ነበር። ሰው በደንብ እንዲያነበው ብለው በሁለት እጃቸው ይዘው አቀኑት።

ገበያው ሞልቷል። ማሾው በየከረጢቱ ተዘርግቷል፣ የበሰለ ማንጎ ሽታ ከግመሎቹ ሽታ ጋር ተቀላቅሏል። እሳቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ሄድን። የሚያውቁትን ሁሉ «አሰላሙ አለይኩም» እያሉ ያልፋሉ፤ የሚመልስላቸው ጥቂት ነው። ማንበብ ከሚችለው አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ አንገቱን ይደፋል። ከቆላ የመጡት ገበሬዎች ነገሩ ገብቷቸው ፊታቸውን ወደ አህዮቻቸው አዞሩ።

ሽንኩርት ተራ ስንደርስ ሳሊህና እትዬ ዘሀራ ቆመው አየኋቸው። ሳሊህ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ስንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ ፊደሌን ከማንም ፊደል ይለየዋል። ማንበብ የማይችሉት እናቱ ክንዱን ይዘው «ምን ብለው ጽፈውበት ነው?» ሲሉት ሰማሁ። ሳሊህ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሣ፣ «የአባቴ ስም ነው፣ እማ» አላቸው።

እሱ ይህን ያለው ለእናቱ አዝኖ ነው። እኔ ለማን አዝኜ ነው ያልኩት?

ከገበያው ልንወጣ ስንል አንድ ጎረምሳ ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል አነበበላቸው። ጋሽ ሙቅቢል ቆሙ። ካርቶኑን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ዞረው ከመሐላችን ሰው መፈለግ ጀመሩ። የሚፈልጉት እኔን ነበር። ሣር ከተጫነ አህያ ጀርባ ተሸሸግኩ። ሊሉኝ የፈለጉትን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሱቁ ከወራት በኋላ ተከፈተ፤ እሳቸው ግን ባንኮኒው ጋ ዳግመኛ አልተቀመጡም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ በዚያው ዓመት ለመምህርነት ሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ሲሞቱ መልእክት ደርሶኛል። ፈተና አለብኝ ብዬ ከቀብራቸው ቀረሁ። ፈተና አልነበረብኝም።

ተመድቤ ሮቢት ስመለስ ሱቁን ሳሊህ ይዞት አገኘሁት። የጭቃውን ግድግዳ በብሎኬት ቀይሮ፣ ሁለተኛ በር አውጥቶለት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከእሱ ገዛሁ። ይመዝንልኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ በፋሲካ እንኳን አደረሰህ ይለኛል። ወደ ጓዳ ግን አንድ ቀን ግባ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ክረምት ዝናብ ይዞኝ ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ «ሳሊህ፣ ያን የገበያ ቀን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሻይ ቅጠልም ልጨምርልህ?» አለኝ።

ጨምርልኝ አልኩት። አሁን እሱም ከሞተ ዓመታት አልፈዋል።

ለሐያት መጀመሪያ የጻፍኩላት ወረቀት ላይ ያ ሁሉ አንድ መስመር ነበር፦ «በደርግ ጊዜ ሱቁ ለጥቂት ወራት ታሽጎ ነበር» ይላል። ከውሸት አይቆጠርም። ሁለት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ሰነበተና ቀደድኩት። እንደገና ሙሉውን ጻፍኩና፣ ገበያ ቀዝቀዝ በሚልበት በቀትር ይዤላት ሄጄ አነበብኩላት።

አላቋረጠችኝም።

«አባዬ ‹አያታችሁ በሰው ጥቆማ ነው የተያዙት› ይለን ነበር» አለችኝ ስጨርስ። «ጠቋሚው ማን ነው ስንለው፣ ሞቷል ይለናል።»

እሷም ቀጠለች።

«እርስዎ ሱቅ ሲመጡ ደግሞ፣ ተነሡ፣ ለመምህር ወንበር ስጡ ይለን ነበር።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችው። «ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም፣ ጋሼ። አንዋር ግን ያነበዋል» አለች። ደንበኛ ገባ፤ ተነሥታ ሄደች።

ሳሊህ ሞቷል ሲላቸው የኖረው ልጆቹ እንዳይጠሉኝ ብሎ ይሁን፣ ወይስ ለእሱ በእርግጥ የሞትኩት ያን ቀን ስለሆነ፣ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም። የማውቃቸው አንዳንድ ሰዎች መናገርህ ራሱ ጥሩ ነው፣ ድፍረት ይጠይቃል ብለውኛል። አይደለም። ድፍረት ቢሆን ኖሮ ሳሊህ በሕይወት ሳለ፣ ቢቆጣም ቢያባርረኝም፣ ፊቱ ቆሜ እነግረው ነበር። እኔ ግን ሊሰማኝም ሊፈርድብኝም የሚገባው ሰው እስኪያልቅ ድረስ ጠብቄ ነው የተናገርኩት።