ደርዘን ሰው የሚጠይቀው መደብር

ጌም እሠራለሁ ስል ሆሳዕና ውስጥ ነገሩ የሚገባው ሰው ብዙ አይደለም። አንዳንዱ ጆተኒ ቤት ልከፍት ያሰብኩ ይመስለዋል። አንዱማ «መቼ ነው የምታስመርቀው?» ብሎኛል። ስለዚህ ማስረዳቱን ትቼ «የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ» እላለሁ፤ እሱም ውሸት አይደለም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ፕሪንተሩ ወረቀት ይዞ አልለቅ ሲል የሚጠሩት እኔን ነው። ከሥራ መልስ ግን በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጌሜን እሠራለሁ። ሦስት ዓመት ፈጅታብኛለች።

ጌሟ ስለ ጋሪ ናት። ተጫዋቹ ከሌሞ ገጠር ገብስ ጭኖ እስከ ከተማው ድረስ ይነዳል። ዝናብ ይመጣል፣ ጎማው ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ፈረሱ ይደክመውና ይቆማል። ሲቆም መግረፍ አያዋጣም፤ ወርዶ አጠገቡ መጠበቅ ነው። እኔ የዱራሜ አካባቢ ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና የመጣሁት ለእንጀራ ነው። ከተማውን ያወቅኩት ብቻዬን በእግሬ ስዞር ስለሆነ ጌሜም ውስጥ መንገድ እንጂ ብዙ ሰው የለም።

ሠርቶ መጨረስ አንድ ነገር ነው፤ የት እንደሚሸጥ መምረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንደኛው የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበት ትልቁ ገበያ ነው። እዚያ የሚገዛው ሰው ሰፊ ስክሪን ፊት የሚቀመጥ ነው፤ የእኔዋ ግን ስልክ ላይ በአውራ ጣት እንድትነዳ የተሠራች ናት፤ ቶሎ ተውኩት። ሁለተኛው ስልክ ላይ ተጭኖ የሚመጣው መደብር ነው። ሆመቾ ገበያ ድንች የምትሸጠዋ ሴት ስልክ ላይ ሳይቀር አለ። ልቤ ያለው እዚያ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ እንደ እኔ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ጌማቸውን የሚያስቀምጡበት ትንሽ ድረ ገጽ ነው። ስምህን ትሞላለህ፣ ፋይልህን ትጭናለህ፣ አለቀ። ማንም ምንም አይጠይቅህም፤ ማንም ደግሞ አያይህም።

የስልኩ መደብር ግን ለአዲስ ሰው አንድ ሕግ አለው። ጌምህን ለሕዝብ ከመክፈትህ በፊት ደርዘን ያህል ሰው ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ለሁለት ሳምንት ሳያጠፋ ሊሞክርልህ ይገባል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቄ ጠፋ፤ ምክንያቱም ደርዘን ሰው ከየት እንደማመጣ አላውቅም ነበር።

ቤት ለመሥራት ወይም ለአጨዳ ቢሆን እዚህ አገር ደርዘን ሰው ምንም አይደለም። ደቦ ትጠራለህ፣ ጎረቤቱ ይወጣልሃል፣ አብልተህ ትሸኛለህ። ደቦ የሚጠራው ግን የሰው ደቦ ላይ የዋለ ነው። እኔ ቅዳሜና እሑዴን ከአንድ የኮምፒውተር ፈረስ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየኋቸው፤ ግማሾቹ ፕሪንተር ሲበላሽ ብቻ የሚደውሉልኝ ናቸው። ከፋኝ።

ቢሆንም ለመንኩ። የቢሮ ሰዎች «ምን ችግር አለው!» አሉኝ። ፀጉር አስተካካዬ ጫነልኝ፤ ሀደሮ ከተማ የሚያስተምረው የአክስቴ ልጅ ጭኖ ባልደረቦቹንም አስጫነልኝ። አንድ ሰው ሲጎድለኝ አከራዬ ትዝ አሉኝ።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ የሄዱባቸው እናት ናቸው። ስልኩን የላኩላቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ከመዝሙርና ከልጆቹ ጥሪ ሌላ አይነኩትም። የእሳቸው ቋንቋ ሀዲይኛ፣ የእኔ ከምባትኛ ስለሆነ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፤ እስከዚያ ቀን ደግሞ ከኪራይና ከመብራት ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ጌሙን ጭኜ ሰጠኋቸው።

«ምን ላድርገው ታዲያ?» አሉኝ።

«ምንም አያስቸግርዎትም እትዬ። ለሁለት ሳምንት እንዳይጠፋ ብቻ፤ በቀን አንዴ ከፈት ያድርጉት።»

ነገሩን እንደ አደራ ነው የተቀበሉት። በማግስቱ ከእራት በኋላ በሬ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ከፍቼዋለሁ።»

«ተጫወቱ?»

«ኧረ እኔ የት አውቄው! ፈረሱን አየሁት፣ ደህና ነው፣ ዘጋሁት።»

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀሩም። የታመመ ጎረቤት እንደሚጠየቅ ፈረሱን ጠይቀው መጥተው ይነግሩኛል። አንድ ቀን ተቆጥተው መጡ። «ዝናብ ላይ ቆሟል! የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ምነው ቤት ብታስገባው?» ትክክል ነበሩ። በነጋታው መነሻው ላይ የሣር ክዳን ያለው መጠለያ ሠራሁለት። ሦስት ዓመት ስሠራ ስለዚያ ፈረስ ያሰበልኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ደስታው ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም።

ሌሎቹ ግን አንድ በአንድ ሄዱ። የቢሮ ጓደኛዬ ስልኩ ሞልቶ የእህቱ የሠርግ ቪዲዮ አልጫን ቢለው ጌሙን አጠፋ፤ «አልተቀየምክም አይደል?» አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ሸጠ። የሀደሮዎቹም አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ተከተለው። ማንም ክፉ አልሠራብኝም፤ ቃል የገቡልኝ እንቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው። ሁለት ሳምንቱ ሳይሞላ ከደርዘኑ ግማሽ እንኳን አልቀረም። አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ እንደገና ዞሬ ልለምን ደግሞ አፌ እንቢ አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትንሹን ድረ ገጽ ከፈትኩ። ስሜን ሞላሁ፣ ፋይሉን ጫንኩ፣ ዋጋ ጻፍኩ። እንደተባለውም ሰው አምጣ አላለኝም። ጌሜ ወጣች። እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ ስላልነበረ ሻይ አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ። አሁን አልፎ አልፎ ከማላውቀው አገር ሰው ይገዛታል፤ አንዱ «ፈረሱ ያምራል» ብሎ ጽፎልኛል፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ጌሜ በወጣችበት በዚያው ቅዳሜ ማታ እትዬ መጡ። ሻሻቸውን አስረው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ መጠለያው ውስጥ ነው፤ ደህና ነው» አሉ። «ስንት ቀን ቀረህ?»

አልቋል ማለት ነበረብኝ። ብላቸው «ጌታ ይመስገን» ይሉኛል፣ መርቀውኝ ይገባሉ፣ ከነገ ጀምሮ የሚመጡበት ምክንያት አይኖርም።

«ገና ነው እትዬ» አልኩ። «ሁለት ሳምንት ጨመሩብኝ።»

«ይጨምሩ እንጂ! እኔስ ማታ ማታ ምን ሥራ አለኝ» አሉኝ።

ይሄ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ሁለት ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም።