ጋቢ የለበሰችው ቀረፋ

ሻይ ውስጥ ቀረፋ በሸተተኝ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሳለን፣ ጅማ የሚነግድ ወዳጁ ለአባቴ አንዲት የቀረፋ ችግኝ አመጣለት። አባቴም ጓሮ ተከላትና "የሞቃት አገር ልጅ ናት፣ የጥቅምትን ውርጭ አትችልም" እያለ፣ ዙሪያዋን እንጨት አቁሞ ማታ ማታ ጋቢውን ያለብሳት ጀመር።

አንድ ማለዳ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ በአጥሩ አሻግረው ሲያዩ አባቴ የተቀመጠ መሰላቸው። ጎንበስ ብለው "እንደምን አደሩ?" አሉ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። መልስ ሲያጡ ተቀይመው በራችንን አንኳኩ፤ የከፈተላቸው አባቴ ራሱ ነበር። ጓሮ ወስዶ ጋቢውን ገለጠላቸው።

እትዬ ስድስቱን ቅጠል አይተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "በሉ ቶሎ ያልብሷት፣ ይበርዳታል! ሰላምታዬን ስታድግ ትመልሳለች።"

ዛሬም ብርጭቆዬን ሳነሳ በእሷ ፈንታ እመልሳለሁ፦ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። እርስዎስ እንደምን አደሩ?"